የመኪናችሁን የቤንዚን ፍጆታ በትክክል እንዴት ትለካላችሁ?

አዲስ አበባ ውስጥ ሜክሲኮ ወይም ለገሃር አካባቢ ካሉት ማደያዎች አንዱ ጋ ትንሽ ቆም ብላችሁ ስሙ። አብዛኛው ሰው "የአምስት መቶ ቅጂልኝ"፣ "የአንድ ሺህ አድርጊልኝ" ነው የሚለው። ሊትር የሚጠራ ብዙም የለም። ዋጋው ባለበት ሲቆይ ይህ ችግር የለውም። ሲጨምር ግን ስንት እንዳጣን አናውቅም።

እስኪ አስሉት። ሰኔ 2014 ማብቂያ ላይ ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሲገባ፣ አምስት መቶ ብር አስር ሊትር ተኩል ገደማ ያስቀዳ ነበር። ታህሳስ 2017 ማብቂያ ላይ ሊትሩ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሆነ። ያው አምስት መቶ ብር አምስት ሊትር እንኳ አልሞላም። ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። ነዳጁን ሁሉ ከውጭ በዶላር ነው የምንገዛው፤ ድጎማው በደረጃ ሲነሳ ቆይቷል፤ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ዶላሩ ራሱ ተወደደ። የታለመ ድጎማ የሚባለውም የተዘጋጀው ለሕዝብ ማመላለሻ ነው፤ የግል መኪና አይነካውም።

ዋጋው በእጃችን አይደለም። መኪናችን በአንድ ሊትር ስንት ኪሎሜትር እንደሚሄድ ማወቅ ግን በእጃችን ነው። ይህን ቁጥር ሳያውቁ ስለ ቁጠባ ማውራት ድካም ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ።

1. መመዝገቢያ አዘጋጁ

የስልካችሁ ማስታወሻ ይበቃል። አፕ ማውረድ አያስፈልግም። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ የሚከፈለው በዲጂታል መንገድ ስለሆነ፣ የከፈላችሁት ብርና ቀኑ በመልዕክት ይደርሳችኋል። አታጥፉት። ሊትሩን ግን ከማሽኑ ላይ ራሳችሁ አንብባችሁ ጻፉ።

2. ከሙሉ እስከ ሙሉ ለኩ

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ታንከሩን ሙሉ ትሞላላችሁ፣ ትሪፑን (የጉዞ ኪሎሜትር ቆጣሪውን) ዜሮ ታደርጋላችሁ፣ እንደ ልማዳችሁ ትነዳላችሁ፣ ከዚያ እንደገና ሙሉ ትሞላላችሁ። ሁለተኛው ጊዜ የገባው ሊትር በመካከል የተቃጠለው ነው። ኪሎሜትሩን ለሊትሩ አካፍሉ። ለምሳሌ 260 ኪሎሜትር ሄዳችሁ 26 ሊትር ከገባ፣ መኪናችሁ በሊትር 10 ኪሎሜትር ይሄዳል ማለት ነው።

"ሙሉ" የሚባለው ነገር ግን ሁለቱም ጊዜ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። መቅጃው መጀመሪያ ራሱን ጠቅ አድርጎ ሲዘጋ በቃ በሉ። ቀጂዋ ሂሳቡን ሙሉ ቁጥር ለማድረግ ትንሽ ልጨምር ስትል በትህትና እምቢ በሉ። ከዚያ በላይ የሚገባው መጠን በየጊዜው ስለሚለያይ ልኬቱን ያበላሸዋል። ለመኪናውም ጥሩ አይደለም፤ አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ትርፉ ነዳጅ ለትነት ብቻ ወደተሠራው ክፍል ይገባል። ከተቻለ ሁለቱንም ጊዜ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ማሽን ጋ ቅዱ። ከተማችን ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነች ማደያዎቹም ሁሉ ሜዳ ላይ አይደሉም። መኪናው አዘንብሎ ሲቆም ቤንዚኑ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፤ መቅጃውም ቶሎ ወይም ዘግይቶ ይዘጋል። ጥቂት ሊትር ብቻ ከለካችሁ ይህ ስህተት ውጤቱን ከንቱ ያደርገዋል። ስለዚህ ቢያንስ ግማሽ ታንከር ሳታቃጥሉ አትለኩ።

በመካከል ትንሽ ትንሽ መቅዳት ይቻላል። ሙሉ መሆን ያለባቸው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ብቻ ናቸው። በመካከል የቀዳችሁትን ሊትር እየጻፋችሁ ከመጨረሻው ጋር ደምሩት።

ታንከር ሙሉ ለመሙላት ገንዘቡ የሌለው ሰውስ? አርባ ሊትር ዛሬ ብዙ ብር ነው፤ ይህን ችላ ብሎ ምክር መስጠት ተገቢ አይመስለኝም። ሌላ መንገድ አለ። የነዳጅ ማስጠንቀቂያው መብራት ሜዳ መንገድ ላይ ሲበራ ትሪፑን ዜሮ አድርጉና አስር ሊትር ቅዱ። መብራቱ እንደገና ሜዳ ላይ እስኪበራ ንዱ። የሄዳችሁትን ኪሎሜትር ለአስር አካፍሉ። ዳገት ላይ የሚበራ መብራት አይታመንም፤ ነዳጁ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ያለጊዜው ሊበራ ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ ለክታችሁ አትርኩ፤ ደጋግማችሁ አማካዩን ውሰዱ። እጥረት ባለበት ሳምንት ግን ይህን አትሞክሩ። ሰልፉ መካከል ነዳጅ ካለቀባችሁ መኪና ገፍቶ መሄድ ነው፤ የነዳጅ ፓምፑም ታንከሩ ባዶ ሲሆን ይጎዳል።

ኪሎሜትር ቆጣሪው የማይሠራ አሮጌ መኪና ካላችሁ የስልክ ካርታ ርቀቱን ይነግራችኋል።

3. ወደ ብር ቀይሩት

የሊትሩን ዋጋ በሊትር ለምትሄዱት ኪሎሜትር አካፍሉ። በሊትር 10 የሚሄድ መኪና፣ ሊትሩ 101 ብር ከ47 ሲሆን፣ ለአንድ ኪሎሜትር አስር ብር ከአስራ አምስት ሳንቲም ገደማ ይበላል። ደርሶ መልስ 18 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው በቀን 183 ብር ያህል ያወጣል። ይህ ቤንዚን ብቻ ነው፤ ጎማና ዘይት የለበትም። እናንተ ስታሰሉ ማሽኑ ላይ የምታዩትን የዕለቱን ዋጋ ተጠቀሙ።

እንደ ራይድ ወይም ፈረስ ባሉ የታክሲ አፖች የምትሠሩ ደግሞ ባዶ የምትሄዱትን መንገድ አትርሱ። ከካዛንቺስ አራት ኪሎ ሰው ለማንሳት ባዶ የሄዳችሁበት ኪሎሜትርም ቤንዚን በልቷል፤ ትርፍ የሚመስለው ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚከስረው እዚያ ላይ ነው።

4. የሚቀነሰውን ቀንሱ

የጎማ ንፋስ። በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር እዩና ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ አስሞሉ። ጎሚስታው በግምት ሲሞላላችሁ ዝም አትበሉ፤ ጌጁን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

ቆሞ የሚሠራ ሞተር። ትንሽ መኪና እንኳ ቆሞ በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ያቃጥላል። ማደያ ሰልፍ ላይ፣ ሰው ስትጠብቁ፣ አጥፉ። በትራፊክ መብራት ሁሉ ማጥፋት ግን አልመክርም፤ በአሮጌ ባትሪ መንገድ ዘግቶ መቅረት ይመጣል።

ቁልቁለት። ይህን በደንብ ልናገር። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ሲወርዱ ማርሽ ነጻ የሚያደርጉ፣ ጭራሽ ሞተር የሚያጠፉም አሉ። ኢንጀክሽን ያለው (ነዳጁ በኮምፒውተር እየተለካ የሚረጭ) መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግራችሁን ከቤንዚን ፔዳሉ ስታነሱ፣ ነዳጁን ራሱ ይዘጋል። ነጻ ካደረጋችሁት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ትንሽ ትንሽ ያቃጥላል። ስለዚህ ቆጠብን ያሉት ሰዎች ጨምረው ነው የሚያቃጥሉት። ካርቡሬተር ያላቸው አሮጌ መኪኖች ነዳጁን እንዲህ አይዘጉም፤ ቢሆንም ማርሽ ነጻ አድርጎ መውረድን ለእነሱም አልመክርም። ሞተር ማጥፋት ደግሞ ነፍስ የሚያስከፍል ነው። አንድ ጓደኛዬ በዚያው ቁልቁለት አጥፍቶ ሲወርድ ፍሬኑ ድንጋይ ሆነበት፣ መሪው ከበደው፤ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በእጅ ፍሬን ነው የቆመው። እግረኛ ቢገባበት ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል ለማሰብ ይከብደኛል። እባካችሁ አታጥፉ።

ታንከር ውስጥ የሚጨመሩ "ነዳጅ ቆጣቢ" ፈሳሾችን አትግዙ። ገንዘቡን ለአየር ፊልትሮ አውሉት። በጀሪካን ቤንዚን ገዝቶ የኋላ ኮፈን ወይም ቤት ውስጥ ማስቀመጥም ይቅር፤ ትነቱ ከትንሽ ብልጭታ እሳት ያነሳል፣ ምን እንደተቀላቀለበትም አይታወቅም።

አጫጭር ጉዞዎችን አንድ ላይ አድርጉ። ያልሞቀ ሞተር ብዙ ይበላል። ባንክ፣ ገበያና ልጆችን ማምጣት በአንድ ዙር ከተቻለ ልዩነቱን ቁጥሩ ላይ ታዩታላችሁ።

5. በየሁለትና ሦስት ወሩ ደግማችሁ ለኩ

የቤንዚን ዋጋ ሲቀየር ኪሎሜትር በሊትሩ አይቀየርም። አነዳዳችሁና መንገዳችሁ ሳይለወጥ ከቀነሰ መኪናው ታሞ ሊሆን ይችላል። በሊትር 10 ይሄድ የነበረው 8 ከሆነ ወደ ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ፦ ትንሽ ነድታችሁ ቁሙና እጃችሁን ወደ አራቱም ቸርኬዎች ሳትነኩ አስጠጉ። አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚግል ከሆነ ፍሬኑ ይዟል ማለት ነው። ሙቀቱ እኩል ከሆነ የአየር ፊልትሮውንና ካንዴላዎቹን አሳዩ። መካኒኩ ሌላ ዕቃ ይቀየር ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የመዘገባችሁትን አሳዩትና ከጥገናው በኋላ ደግማችሁ እንደምትለኩ ንገሩት።