ትልቅ የአደን እንስሳ ፒካፕ ላይ እንዴት ይጫናል?

ትልቅ ወንድ አጋዘን ከ250 ኪሎ፣ ጎሽ ደግሞ ከ600 ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል፣ አራት ጎልማሶች ቢረባረቡም እንኳ ከመሬት አንስተው ካሶኒ ላይ ለማውጣት መሞከራቸው ወገባቸውን ለጉዳት ማጋለጥ ነው። ሥራውን የሚያቀልለው ከጉልበት ይልቅ መኪናው የሚቆምበት ቦታ ነው። ስለዚህ ገመድ ከመዘርጋቱ በፊት፣ ፒካፑ ኋላውን ሰጥቶ ሲጠጋ ካሶኒው ከመሬቱ ጋር የሚስተካከልበት ጉብታ ወይም የመንገድ ዳር ከፍታ ይፈለግ፤ ለዚህ የሚጠፋው ጊዜ በእጥፍ ይካሳል።

ግዳዩ መሞቱ ሳይረጋገጥ አይነካም። ከጀርባው በኩል ተጠግቶ ዓይኑን በረጅም እንጨት መንካትና ጨርሶ አለመርገብገቡን ማየት ያስፈልጋል፤ ጠመንጃዎችም ጥይታቸው ወጥቶ ከሥራው ስፍራ ርቀው ይቀመጡ። ቀጥሎ ሆድ ዕቃው ይውጣ፤ ይህ ክብደቱን በብዙ ከመቀነሱም በላይ ሥጋው ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ያደርጋል።

ከፍ ያለ መሬት ካልተገኘ ጠንካራና ረጅም ሳንቃ ይዘጋጅ። የካሶኒው ከፍታ 80 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ሳንቃው 2.5 ሜትር ቢረዝም፣ የሚያስፈልገው የመጎተቻ ኃይል፣ ሰበቃው (ግዳዩና ሳንቃው ሲፋተጉ የሚፈጠረው መያዝ) ሳይቆጠር፣ የክብደቱ አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። ሰበቃው ግን ቀላል ስላልሆነ፣ ከግዳዩ ሥር ጠንካራ ሸራ ማንጠፍ እጅግ ይረዳል። የእጅ ፍሬኑ ተይዞ ጎማዎቹ በሁለቱም በኩል ታኮ ካልተደረገላቸው መጎተት አይጀመር።

አጎታተቱ ሁልጊዜ በጭንቅላት በኩል ነው፤ ፀጉሩ ወደ ኋላ ስለሚተኛ በዚያ አቅጣጫ ሲሳብ ይንሸራተታል፣ በጅራቱ በኩል ሲሳብ ግን ፀጉሩ እየቆመ ይይዛል። ገመዱ በቀንዶቹ ሥር ዞሮ ይታሰር፤ የፊት እግሮቹም ታጥፈው ከአንገቱ ጋር ይጠፈሩ፤ አለበለዚያ ሰኮናው የሳንቃው ጠርዝ ላይ ተሰክቶ ግማሽ መንገድ ላይ ያስቆማል። የገመዱ አንድ ጫፍ በካሶኒው ፊት ካለ ጠንካራ ብረት ላይ ታስሮ፣ ግዳዩ ላይ በተንጠለጠለ መዘውር በኩል ቢመለስ፣ የሚያስፈልገው ኃይል በግማሽ ይቀንሳል፤ በምላሹ ገመዱ እጥፍ ርቀት መሳብ ይኖርበታል። ዊንች (ገመድ እየጠቀለለ የሚጎትት መሣሪያ) ካለ ደግሞ ቀስ ብሎ ይሳብ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የተወጠረ ገመድ ነው። በተለይ የሽቦ ገመድ ሲበጠስ ተወርውሮ ሰው ሊገድል ስለሚችል፣ በገመዱ መስመር ላይና ከግዳዩ በስተኋላ ሳንቃው ግርጌ ማንም አይቁም፤ ግዳዩ ወደ ኋላ መንሸራተት ከጀመረም በእጅ ለማቆም አይሞከር፤ ይልቁንም ይለቀቅ።

ጎሽን የሚያክል ግዳይ ሲሆን ግን፣ በእኔ እምነት፣ ሳይነሣ በወደቀበት ብልቱ ቢወጣ ይሻላል። ታፋውና ወርቹ በየተራ ሲጫኑ ለሥራው ሁለት ሰው ይበቃል፤ የአደን ሕጉ ሙሉውን ወይም የፆታ ምልክቱን ማሳየት ያዝዝ እንደሆነ ግን አስቀድሞ ይጣራ።

መኪናው የሚችለው ጭነት ከመመሪያ መጽሐፉ ይታይ፤ ተሳፋሪዎቹም ከዚሁ ክብደት ይታሰባሉ። ክብደቱ በተቻለ መጠን ከኋላው አክሰል ወደ ፊት ይተኛና በሁለት ቦታ በማሰሪያ ይጠፈር። ሥጋው ትኩስ ሳለ በላስቲክ ቢጠቀለል ስለሚበላሽ፣ ነፋስ በሚያሳልፍ ጨርቅ ብቻ ይሸፈን። ኮረኮንች መንገድ ላይ ጭነቱ እየሰከነ ማሰሪያው ስለሚላላ፣ ጥቂት እንደተጓዙ ቆሞ እንደገና ማጥበቅ ይገባል።