የዲኤንኤ አሻራ ውጤት ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ጓንት መቀየር፣ ማሽኑን ካሊብሬት ማድረግ፣ ኔጋቲቭ ኮንትሮል (ዲኤንኤ የሌለበት ባዶ ናሙና) አብሮ ማስኬድ… እነዚህን ታውቃላችሁ ብዬ ልለፍ።

ለአዲስ ገቢዎች ግን ባጭሩ። የዲኤንኤ አሻራ ስንሰራ ሙሉውን ዲኤንኤ አናነብም። አጭር የፊደል ጥምረት ደጋግሞ የሚመጣባቸውን ቦታዎች ብቻ እናያለን፤ ኤስቲአር ይባላሉ። አንዱ ሰው ላይ ድግግሞሹ 12 ነው፣ ሌላው ላይ 15። አንዱን ከእናት ሌላውን ከአባት ስለምንወርስ፣ በአንድ ቦታ ቢበዛ ሁለት ቁጥር ይወጣል። በአሜሪካ ብሔራዊ የመረጃ ቋት መስፈርቱ 13 ቦታ ነበር፤ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 20 ሆኗል። ቁራጮቹን በፒሲአር (ዲኤንኤን ደጋግሞ በሚቀዳው ዘዴ) አባዝተን ማሽን ላይ ስንጭን ግራፍ ላይ ፒክ፣ ማለትም ሹል ጉብታ ሆነው ይወጣሉ። አጭሩ ቁራጭ በግራ፣ ረጅሙ በቀኝ። ይቺን ያዙልኝ።

ምልክት፦ በግራ ያለው ፒክ ረጅም ነው፣ ወደ ቀኝ እያጠረ ሄዶ ይጠፋል

መንስኤው ዲኤንኤው መቆራረጡ ነው። መቶ ፊደል አካባቢ የሆነው ቁራጭ ሳይበጠስ ይተርፋል። አራት መቶው ግን መሃሉ ላይ ስለተበጠሰ ፒሲአሩ ሊያባዛው አይችልም።

ማን ቆራረጠው? ከአስሩ በዘጠኙ፣ ፌስታል። እውነቴን ነው። ደም የነካው ልብስ ሳይደርቅ ፌስታል ውስጥ ይገባል፣ ይቋጠራል፣ ሞቃት መኪና ውስጥ ይውላል። ባክቴሪያና ዲኤንኤ የሚቆርጡ ኢንዛይሞች የሚፈልጉት እርጥበትና ሙቀት ነው። ሁለቱንም አሟልተን ሰጠናቸው ማለት ነው። አንዴ በጥቁር ፌስታል ሦስት ጊዜ የተቋጠረ ሸሚዝ መጣልን። ስንፈታው ሽታው ክፍሉን አስለቀቀን። ደሙ በአይን ይታያል፣ ብዛቱ ያስጎመጃል፤ ግራፉ ላይ ግን ከሦስት አጫጭር ቦታዎች በቀር ምንም የለም። ላኪው ደግሞ «ይሄ ሁሉ ደም እያለ እንዴት ውጤት ጠፋ?» ብሎ ተቆጣን። በሌላ ጊዜ ከአንድ ሆስፒታል የመጣ ቁራጭ ሥጋ ፎርማሊን ውስጥ ተነክሮ ነበር። ፎርማሊን ለፓቶሎጂ (ሥጋን በማይክሮስኮፕ ለመመርመር) ጥሩ ነው፣ ለዲኤንኤ ግን ጠላት። እባካችሁ፣ ወይ አቀዝቅዛችሁ ወይ ንጹህ አልኮል ውስጥ አድርጋችሁ ላኩ።

መፍትሄው ከመነሻው ይጀምራል። ልብሱን ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ ባለበት አድርቁት። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ አልትራቫዮሌት ዲኤንኤ ይጎዳል። በፀጉር ማድረቂያም አትሞክሩ! ከዚያ በወረቀት ፖስታ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ። የደረቀ ደም ደረቅና ጨለማ ቦታ ዓመታት ይቆያል።

አንዴ ከተበላሸ በኋላ ደግሞ፦ ከሌላ የእድፉ ክፍል እንደገና አውጡ። ትናንሽ ቁራጮችን የሚያባዛ ሚኒ ኤስቲአር ኪት ተጠቀሙ። አጥንት ወይም ሥር የሌለው ፀጉር ከሆነ ማይቶኮንድሪያ (የሴሉ ኃይል ማመንጫ) ውስጥ ወዳለው ዲኤንኤ ሂዱ። ያ ግን በእናት በኩል ብቻ የሚወረስ ስለሆነ እህትማማቾችን አይለይም።

ምልክት፦ ዲኤንኤው አለ፣ ፒክ ግን የለም

ፒሲአሩን የሚያፍን ነገር አብሮ ገብቷል። የጂንስ ሰማያዊ ቀለም፣ አፈር፣ ከደሙ ቀይ ቀለም የሚመጣው ሂማቲን። ደግሞ የደም ቱቦውን ክዳን እዩ። ወይንጠጅ ይሁን። አረንጓዴው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሄፓሪን አለበት፣ ሄፓሪን ደግሞ ፒሲአር ያፍናል። አምስት ወይም አስር እጥፍ አቅጥናችሁ ሞክሩ፤ ካልሆነ እንደገና አጥሩት።

ምልክት፦ በብዙ ቦታ ሦስትና አራት ፒክ

ከዋናው ፒክ አንድ ድግግሞሽ ዝቅ ብሎ የሚታየው ትንሽ ጉብታ ስተተር ነው (ፒሲአሩ ሲያባዛ የሚፈጥረው ስህተት)፣ አትደንግጡ። ከዚያ ውጪ ከሆነ ሁለተኛ ሰው አለ። ወይ ናሙናው በእርግጥ የሁለት ሰው ነው፣ ወይ አንድ ሰው እየነካካ ወይ እያወራ አበላሽቶታል። የሠራተኞቻችሁን የዲኤንኤ ፕሮፋይል አስቀድማችሁ መዝግቡና አስተያዩ።

ርካሽ እቃ የሚያዙ ግዢ ክፍሎች ይህንን ያንብቡልኝ። በ2007 እ.ኤ.አ. ጀርመን ሃይልብሮን ውስጥ አንዲት ፖሊስ ተገደለች። በቦታው የተገኘው የሴት ዲኤንኤ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ በብዙ ወንጀሎች ላይ ከተገኘው ጋር አንድ ሆነ። ፖሊስ ይህችን አስፈሪ ሴት ሲያሳድድ ከርሞ በ2009 ጉዱ ወጣ። ዲኤንኤው ናሙና የሚወሰድባቸው ጥጦች ላይ የነበረ ነው፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ዲኤንኤ! ጥጡ «ስቴሪል» ነበር። ስቴሪል ማለት ጀርም ሞቷል ማለት ነው እንጂ ዲኤንኤ የለበትም ማለት አይደለም። በ2016 የወጣው አይኤስኦ 18385 (የናሙና መውሰጃ እቃ በሰው ዲኤንኤ እንዳይበከል የሚጠይቅ ዓለም አቀፍ መስፈርት) ለዚህ ነው። ካርቶኑ ላይ ካላያችሁት አትግዙ።

ምልክት፦ አባትና ልጅ በአንድ ቦታ ብቻ አልገጠሙም

ቤት ለማፍረስ አትቸኩሉ። ድግግሞሽ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ አልፎ አልፎ በአንድ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ተጨማሪ ቦታዎችን እዩ፣ ከተቻለ የእናትንም ናሙና ጨምሩ። በብዙ ቦታ ካልገጠመ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ብርቅዬዎቹ፦ ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች አንድ አይነት ከወጡ ማሽኑ ጤነኛ ነው። የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ደሙ የለጋሹን ያሳያል።

ምልክት፦ ውጤቱ ትክክል ነው፣ ኤምባሲው ግን አልተቀበለውም

እንግሊዛዊው ሳይንቲስት አሌክ ጄፍሪስ ሌስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የዲኤንኤ አሻራ ዘዴውን በ1984 ካገኘው በኋላ መጀመሪያ የተፈታው የቤተሰብ ጉዳይ ነበር። ከጋና ወደ እንግሊዝ የተመለሰ ልጅ የእናቱ ልጅ መሆኑ በ1985 ተረጋገጠ። ዛሬም የኛ ሰው ዲኤንኤን በብዛት የሚያገኘው በዚሁ በር ነው። አሜሪካ ያለ ወንድም ኦንላይን ኪት ገዝቶ በሻንጣ ይልካል፣ እዚህ ቤት ውስጥ ጉንጭ ይጠረጋል፣ ወረቀት ይመጣል። ዋጋ የለውም። ናሙናው የማን እንደሆነ የመሰከረ የለምና። ለአሜሪካ ቪዛ፣ ቆንስሉ ሲጠይቅ ኤኤቢቢ (ላብራቶሪዎችን መርምሮ እውቅና የሚሰጥ የአሜሪካ ማህበር) እውቅና የሰጠው ላብራቶሪ ትመርጣላችሁ። ኪቱን ላብራቶሪው ራሱ ይልካል፣ ናሙናው መታወቂያ ታይቶ በተፈቀደለት ባለሙያ ይወሰዳል፣ ውጤቱም በቀጥታ ለኤምባሲው ይሄዳል። በእጃችሁ የሚያልፍ ነገር የለም። ናሙና ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ ለግማሽ ሰዓት ምግብም ቡናም ይቅር።