ኤ ሰቨን ሳስን በአራት ቦታ መያዝ

ኤ ሰቨን ሳስ ፎር የሚባለውን የጊታር ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ብዙ ሰው የሚያውቀው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ጊታሩ ጫፍ፣ በክፍት ክሮች። ኮርዱ ግን አራት ድምፅ አለው፦ ኤ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ። ከአራቱ የትኛውም ከስር፣ ማለትም ከሁሉም ወፍራሙ ድምፅ፣ ሊሆን ይችላል። ኢንቨርዥን የሚባለው ይኸው ነው። የሲ ትዝታ ሜጀርን የምትጫወቱ ከሆነ ድምፆቹን ለምዳችኋቸዋል፤ ከሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ውስጥ ሲን ስታወጡት የሚቀረው ይህ ኮርድ ነው።

ተራው ኤ ሰቨን ውስጥ ሲ ሻርፕ አለ። እዚህ ቦታውን ዲ ይዞበታል። አንድ ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ በብረት መስመሮች የተከፈለ ቦታ) ወርዶ ሲ ሻርፕ እስኪሆን ጆሮ ይጠብቃል። ስለዚህ ቅርጽ ከመሸምደድ ዲ የት እንዳለ መከታተል ይሻላል ባይ ነኝ።

አራቱን ቀጫጭን ክሮች ብቻ ምቱ። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች በየክሩ የሚያዘውን ፍሬት ያሳያሉ፤ ከ4ኛው ክር ተነስተው ቀጭኑ 1ኛ ክር ላይ ያበቃሉ።

ከቀላሉ ጀምሩ፦ 5-7-5-5። ሌባ ጣትን 5ኛው ፍሬት ላይ አስተኙ። የቀለበት ጣት 3ኛው ክር፣ 7ኛው ፍሬት ላይ ይረፍ። ከስር ጂ ስላለ ሦስተኛ ኢንቨርዥን ነው። ዲ ያለው በቀለበት ጣታችሁ ስር ነው። አሁን እሱን አንሱና በመሃል ጣት 6ኛውን ፍሬት ያዙ። ኤ ሰቨን ሆነ፤ ጆሮም እፎይ አለ። 1ኛው ክር ከነፈነፈ ሌባ ጣታችሁን በትንሹ ወደ ጎኑ አዙሩት፤ ጎኑ ከሆዱ ይልቅ ጠንካራ ነው።

ወደታች 2-2-3-3 አለ፣ ሁለተኛው ኢንቨርዥን። ሌባ ጣት 2ኛው ፍሬት ላይ ይተኛል፣ የመሃል ጣት 2ኛውን ክር፣ የቀለበት ጣት 1ኛውን ይይዛሉ። ዲ የመሃል ጣት ስር ነው፤ ማንሳት ብቻ ይበቃል።

7-9-8-10 ላይ ኤ ከስር ነው፤ ይህ ኢንቨርዥን ሳይሆን መነሻው ነው። ትንሿን ጣት ይፈትናል። ዲ እዚህ ከሁሉም በላይ ስለሆነ ወደ 9ኛው ፍሬት ሲወርድ እንደ ዜማ ይሰማል። እኔ የምወደው ይህን ነው።

የቀረው 12-12-10-12 ነው፤ አንደኛው ኢንቨርዥን፣ ዲ ከስር። ክላሲካል ጊታር ላይ አንገቱ ከሳጥኑ የሚጋጠመው 12ኛው ፍሬት ጋ ስለሆነ እጅ ይጨናነቃል። ካስቸገራችሁ ለጊዜው ዝለሉት።

በየቦታው ዲን አውርዳችሁ ወደ ዲ ሜጀር ግቡ። አራቱንም ሁለት ፍሬት ወደላይ ስትገፏቸው ደግሞ ቢ ሰቨን ሳስ ይሆናሉ።