የጋማ ዴልታ ቲ ሴል ሪሴፕተር ሲኩዌንሲንግ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ቲ ሴል በሽታ ተከላካይ የደም ሴል ነው፤ በላዩ ያለው ሪሴፕተር (ዒላማውን የሚያውቅበት ፕሮቲን) ከጋማና ከዴልታ፣ አለዚያም ከአልፋና ከቤታ ሰንሰለት ይሠራል። ሲኩዌንሲንግ ደግሞ የዚህን ሪሴፕተር ጂን ፊደላት ማንበብ ነው። በጤነኛ አዋቂ ደም ውስጥ ካሉት ቲ ሴሎች ጋማ ዴልታዎቹ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 5 በመቶ ቢሆኑ ነው። የቀሩት ከሞላ ጎደል አልፋ ቤታ ናቸው። ሥራችንን ከሚያበላሹት ነገሮች ብዙዎቹ የሚነሱት ከዚሁ ነው።

ምልክት፦ የጋማ ክሎኖታይፖች (የተለያዩ የሪሴፕተር ቅደም ተከተሎች) በዝተዋል፤ ብዙዎቹም ከፍሬም ውጭ (የሚሠራ ፕሮቲን የማይሰጡ) ናቸው

ሴሎቹን ሳትለዩ ከደም ዲኤንኤ አውጥታችኋል ማለት ነው። የሪሴፕተር ጂን ቪ እና ጄ፣ በዴልታ ደግሞ ዲም፣ ከሚባሉ ቁራጮች ይገጣጠማል። ታይመስ (ቲ ሴሎች የሚያድጉበት እጢ) ውስጥ የጋማ ጂን ቀድሞ ስለሚገጣጠም፣ ኋላ አልፋ ቤታ የሆነው ሴልም ያንን ግጣም በዲኤንኤው ይዞ ይኖራል። ያነበባችሁት በአብዛኛው የእሱን ነው። በፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሴሎችን በላያቸው ባለ ምልክት በሚለይ ዘዴ) ሲዲ3 (የቲ ሴል መለያ ፕሮቲን) እና የጋማ ዴልታ ሪሴፕተር ያላቸውን ለዩ፤ ከዲኤንኤም ይልቅ ከአርኤንኤ ተነሱ። መለየት ካልተቻለ ዴልታን አንብቡ። የዴልታ ጂኖች ክሮሞዞም 14 ላይ በአልፋ ጂኖች መሃል ስለተቀመጡ፣ አልፋ ሲገጣጠም ተቆርጠው ይወጣሉ።

ምልክት፦ አንድ ዓይነት የጋማ ቅደም ተከተል በሁሉም ሰው ናሙና ውስጥ ይታያል

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። እኔ መጀመሪያ ሲገጥመኝ ስምንት ናሙና፣ በስምንቱም አናት ላይ ፊደል በፊደል የሚመሳሰል መስመር ነበር። ፒሲአሩ (ዲኤንኤ የማባዛቱ ሥራ) ተበክሏል ብዬ ሳህኑን ልጥለው ተነስቼ ነበር።

ነገሩ ብክለት ላይሆን ይችላል። ቪጋማ 9 የተባለው የጋማ ቪ ቁራጭ ጄፒ ከተባለው ጄ ቁራጭ ጋር ሲገጣጠም፣ በመጋጠሚያው ምንም ኑክሊዮታይድ (የዲኤንኤ ፊደል) ሳይጨመር ያው ቅደም ተከተል ደጋግሞ ይፈጠራል። በኑክሊዮታይድ ደረጃ ሳይቀር ሰዎች ይጋሩታል። በአዋቂ ደም ደግሞ ቪጋማ 9 ከቪዴልታ 2 ጋር የተጣመሩት ሴሎች ስለሚበዙ ከላይ መቀመጡ አይገርምም።

መለያው ዴልታው ነው። የአዋቂ ዴልታ እስከ ሦስት ዲ ጂን ሊደረድር ይችላል፤ በየመጋጠሚያው ኑክሊዮታይድ ስለሚጨመርም ከሰው ሰው ይለያያል። በተመሳሳዩ ናሙናዎች ዴልታው የየራሱ ከሆነ ጋማውን እመኑት። ዴልታውም አንድ ከሆነ ብክለት ነው፤ ባዶውን መቆጣጠሪያ (ናሙና ያልገባበትን ቱቦ) እዩ፣ ኢንዴክሶቻችሁም (የናሙና መለያ ቅደም ተከተሎቹ) በሁለቱም ጫፍ የየናሙናው የራሱ ይሁኑ። የእምብርት ደም ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ከፅንስ ዘመን የመጣው ዴልታም በሰዎች መካከል ሊመሳሰል ስለሚችል ይህ ፈተና ብቻውን አይበቃም።

ምልክት፦ በነጠላ ሴል ሲኩዌንሲንግ ሴሎቹ አሉ፣ ሪሴፕተራቸው ግን የለም

የተለመዱት የቲ ሴል ኪቶች ፕራይመር (ማባዛቱ የሚነሳበት አጭር ዲኤንኤ) የሚይዘው የአልፋንና የቤታን ቋሚ ክፍል (ከሴል ሴል የማይለያየውን የጂን ክፍል) ነው። ለጋማና ለዴልታ ቋሚ ክፍሎች የራሳችሁን ፕራይመር ጨምሩ። የጋማ ሁለቱ ቋሚ ጂኖች ስለሚመሳሰሉ ፕራይመሩን ሁለቱ በሚጋሩት ቦታ ላይ አድርጉት። ሶፍትዌሩም ጋማና ዴልታን እንዲያነብ መዋቀሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ምልክት፦ የቪዴልታ 1 ድርሻ በፍሎው ሳይቶሜትሪ ከታየው በጣም ያንሳል

ለየቪ ጂኑ የተለያየ ፕራይመር በአንድ ቱቦ ስትቀላቅሉ አንዱ ከሌላው በርትቶ ያባዛል። ከቋሚው ክፍል ተነስቶ ወደ 5 ፕራይም ጫፍ በሚሄድ ዘዴ ቀይሩት፤ ለእያንዳንዱ ሞለኪውልም የራሱን ባርኮድ ስጡትና ከሪድ (ማሽኑ ካነበበው እያንዳንዱ ቁራጭ) ይልቅ ባርኮድ ቁጠሩ። 2,000 ሴል አስገብታችሁ 10,000 የዴልታ ክሎኖታይፕ ካገኛችሁ ትርፉ የፒሲአርና የሲኩዌንሲንግ ስህተት ነው።

ምልክት፦ የዴልታ ሪድ «አልፋ» ተብሎ ተሰይሟል

አንዳንድ ቪ ጂኖች ለሁለቱም ያገለግላሉ። ጄውንና ቋሚውን ክፍል አይታችሁ ወስኑ።