በላቦራቶሪ እንስሳት ቀዶ ጥገና ሥልጠና ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ በደጋ ለምትሠሩ

ለምርምር በሚውሉ እንስሳት ላይ ቀዶ ጥገና ሊማር የሚመጣ ሰልጣኝ ሁሉ የሚፈራው ምላጩን ነው። እጄ ይንቀጠቀጥ ይሆን፣ ደም ሥር እቆርጥ ይሆን ብሎ ይጨነቃል። እንስሳው ግን ብዙ ጊዜ የሚሞተው በምላጩ አይደለም። ወይ ከመቆረጡ በፊት በተሳሳተ የማደንዘዣ መጠን፣ ወይ ስፌቱ አምሮ ካለቀ በኋላ በብርድ ነው። ሥልጠናው ጊዜውን ሁሉ በመሀሉ ላይ፣ በመቁረጥና በመስፋት ላይ ስለሚያጠፋው ዳርና ዳሩ ሳይታይ ይቀራል።

እኛ ሰሜን ሸዋ ላይ ለምንሠራ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከእጅ ወደ እጅ የምንቀባበላቸው መመሪያዎች ክፍሉ ሞቃት፣ ኦክስጅኑ የበዛ፣ ውኃው በ100 ዲግሪ የሚፈላበት አገር ታስቦ የተጻፉ ናቸው። ቁጥራቸውን እንዳለ መገልበጥ ራሱ ስህተት ነው።

በሕያው እንስሳ ላይ እጅ ማፍታታት

ሥልጠናው አጭር ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ አይጠ መጎጥ ጠረጴዛ ላይ ማውጣት የተለመደ ነው። ይህ መቅረት አለበት። መርፌ መያዣውን ገና በትክክል ያልጨበጠ ሰው የመጀመሪያ ቋጠሮውን በሚተነፍስ ሆድ ላይ ሊማር አይገባም። በ1959 እ.ኤ.አ. ሁለት እንግሊዛውያን ሳይንቲስቶች ያስቀመጧቸው ሦስት መርሆች፣ ማለትም መተካት፣ መቀነስና ማሻሻል፣ ዛሬም የእንስሳት ምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች የሚጠይቋቸው ናቸው። የመጀመሪያው መተካት መሆኑን ልብ በሉ።

መተኪያው ደግሞ ደጃችን ላይ አለ፤ የበግ አገር ነን። ከሥጋ ቤት የመጣ የበግ ቀጭን አንጀት በደንብ ከታጠበ ለአንጀት ስፌት የሚወዳደረው የለም። ቆርጣችሁ መልሳችሁ ከገጠማችሁት በኋላ አንዱን ጫፍ እሰሩና በሌላው በኩል በሲሪንጅ ውኃ ሙሉት፤ የት ላይ ሰፋ አድርጋችሁ እንደሰፋችሁ ወዲያው ያሳያችኋል። ለቆዳ ስፌት የተላጨ የበግ ቆዳ ቁራጭ ጣውላ ላይ ወጥሮ መቸንከር ይበቃል። ሥልጠናው ሁዳዴ ላይ ከዋለ ግን ሥጋ ቤቶቹ ስለሚዘጉ፣ አንጀቱም ቆዳውም ከቅበላ በፊት ተገዝቶ ፍሪዘር ውስጥ መግባት አለበት። አዘጋጆች ይህን ሲረሱ ነው «መለማመጃ ስለጠፋ በቀጥታ ወደ እንስሳው እንግባ» የሚባለው። ይህ ሰበብ ተቀባይነት የለውም።

ከዚያ በኋላ በሌላ ምክንያት በሞተ እንስሳ ላይ መሥራት፣ ቀጥሎ ከማደንዘዣው ሳይነቃ በሚሰናበት ላይ፣ በመጨረሻ ነቅቶ በሚያገግም ላይ። ሁለቱን በአግባቡ ያላለፈ ሰልጣኝ ሦስተኛው ላይ አይደርስም፤ የምስክር ወረቀቱ ቢዘገይም ይዘግይ።

በግምት መውጋት

«አይጠ መጎጥ ያው 250 ግራም ነው» ተብሎ ሳይመዘን ይወጋል። 180ም 320ም ሊሆን ይችላል። በዕለቱ ጠዋት መዝኑ፣ ስሌቱን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከመቅዳታችሁ በፊት ሌላ ሰው ያረጋግጠው። 250 ግራም ለሚመዝን አይጠ መጎጥ ማደንዘዣው ኬታሚን በኪሎ 80 ሚሊግራም ከታሰበ 20 ሚሊግራም ይሆናል፤ ጠርሙሱ በሚሊሊትር 50 ሚሊግራም የያዘ ከሆነ የሚቀዳው 0.4 ሚሊሊትር ነው። ከኬታሚን ጋር የሚሰጠው ማረጋጊያ ዛይላዚን በኪሎ 8 ሚሊግራም ከሆነ 2 ሚሊግራም ነው፤ በሚሊሊትር 20 ሚሊግራም ከያዘው ጠርሙስ 0.1 ሚሊሊትር።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። ዛይላዚን በሚሊሊትር 20 ሚሊግራም የያዘም፣ 100 ሚሊግራም የያዘም ጠርሙስ አለ። ባለ100ውን ባለ20 መስሎት የቀዳ ሰው አምስት እጥፍ ሰጠ ማለት ነው። ጠርሙሱን ከመያዛችሁ በፊት ጽሑፉን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። በ5 ሚሊሊትር ሲሪንጅ ደግሞ 0.1 መለካት አይቻልም፤ 1 ሚሊሊትር የሚይዘውን ቀጭኑን ተጠቀሙ።

ከአይጠ መጎጥ ወደ በግ ስትሻገሩ የኪሎውን መጠን ይዛችሁ እንዳትሻገሩ። በግ ለዛይላዚን እጅግ ስስ ናት። ለአይጠ መጎጥ በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም የሚሰጠው መድኃኒት ለበግ ከ0.05 እስከ 0.2 ሚሊግራም ብቻ ነው። መድኃኒቱ የበግን ሳንባ ውኃ ሊያስቋጥር፣ በደሟ ውስጥ ያለውን ኦክስጅንም ሊያወርድ ይችላል። ደብረ ብርሃን ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ስለሆነ እያንዳንዷ ትንፋሽ የምታስገባው ኦክስጅን ከመነሻውም ያነሰ ነው። የመንዝ በግ ብርዱንም ከፍታውንም የለመደች ናት፤ ደንዝዛ በጎኗ ስትተኛና ሆዷ ሳንባዋን ሲጫናት ግን ልማዷ አያድናትም። የኦክስጅን ሲሊንደር ከሌለ ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር ተመካክራችሁ ሌላ መድኃኒት ምረጡ፣ አለዚያም ቀኑን አዛውሩ።

ለማደንዘዝ ጥጥ በኤተር ነክሮ እንስሳውን ጠርሙስ ውስጥ ማስገባት አሁንም የሚያደርጉ አሉ። ኤተር ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ በትንሽ የእሳት ብልጭታ ይፈነዳል። በኤተር የሞተ እንስሳ ሬሳ ተራ ፍሪጅ ውስጥ ቢቀመጥ እንኳ ፍሪጁን ሊያፈነዳው ይችላል። ይቅር።

መጾም የሌለበትን ማስጾም

ከሰው ሕክምና የሚመጣው ሰልጣኝ «ታካሚ ከቀዶ ጥገና በፊት አይበላም» የሚለውን ይዞ ይመጣል። አይጥ፣ አይጠ መጎጥና ጥንቸል ግን ማስመለስ አይችሉም። ሌሊቱን ምግብ የተነሣች አይጥ በደሟ ውስጥ ያለው ስኳር ወርዶ ትደክማለች፤ ጥንቸል ደግሞ አንጀቷ ሥራ ያቆማል። በግ በተቃራኒው ነው፤ ለ24 ሰዓት ያህል መኖ፣ ለ12 ሰዓት ያህል ውኃ ካልተከለከለች ተኝታ ሳለ ሆዷ ይነፋል፣ ከጨጓራዋ የተመለሰውም ሳንባዋ ይገባል።

ስለተኛ ብቻ መቁረጥ

መተኛት መደንዘዝ አይደለም። የኋላ እግሩን ጣት በፎርሴፕስ (በመቆንጠጫ) ጠበቅ አድርጋችሁ ቆንጥጡት፤ እግሩን ከሰበሰበ ጠብቁ። መድኃኒት የሚጨመረው ቢያንስ 10 ደቂቃ ከጠበቃችሁ በኋላ ነው፤ እሱም ኬታሚን ብቻ፣ ከመጀመሪያው መጠን አንድ ሦስተኛ ያህል። በኬታሚን የደነዘዘ እንስሳ ዓይኑ ተከፍቶ ስለሚቀር ወዲያው የዓይን ቅባት ቀቡት፤ አለበለዚያ ብሌኑ ደርቆ ይቆስላል።

ብርዱን መናቅ

በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ውጪው ውርጭ ለብሶ ሳለ፣ ላቦራቶሪው ውስጥ እኛ ጋቢ ደርበን እንገባለን፤ 25 ግራም የምትመዝን አይጥ ግን ተላጭታ፣ ሆዷ በአልኮል ታጥቦ፣ ብረት ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋለች። ትንሽ እንስሳ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ቆዳው ሰፊ ነው፤ ሙቀቱ በደቂቃዎች ውስጥ ያመልጣል። ማደንዘዣው ደግሞ መንቀጥቀጡን ያጠፋበታል። የቀዘቀዘ ጉበት መድኃኒቱን ማስወገድ ስለሚያቅተው እንስሳው አይነቃም፤ ሰልጣኙም «ማደንዘዣው በዛ» ብሎ ይደመድማል። ሬሳውን ሲነኩት በረዶ ነው።

ማሞቅ የሚጀመረው ቀዶ ጥገናው ሲያልቅ ሳይሆን መርፌው እንደተወጋ ነው። ማሞቂያ ምንጣፉ 37 ዲግሪ ገደማ ላይ ይሁን፤ በላዩ ፎጣ ይነጠፍ፤ ቀጭን ቴርሞሜትር በፊንጢጣ በኩል ይግባ። የምትላጩት ስፋት ከምትቆርጡት ዙሪያ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ካለፈ በዝቷል። አልኮሉን በጥጥ አስነክታችሁ ጥረጉ እንጂ አታፍስሱ። ከቆዳ ሥር የሚሰጠውን ሳላይን (የጨው ውኃ) አስቀድማችሁ ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ አቆዩት።

መብራት ይጠፋል፤ ይህን ሳያስብ ፕሮግራም የሚያወጣ ሰው የሚሠራበትን ቦታ አላወቀውም። ሙቅ ውኃ የተሞላ ሃይላንድ በፎጣ ጠቅልላችሁ ከእንስሳው ጎን አድርጉ። በእጅ አንጓችሁ ውስጠኛ ክፍል ሞክሩት፤ እናንተን ካቃጠለ የደነዘዘውን እንስሳ ሳይሰማው ቆዳውን ይልጠዋል። ሃይላንዱ ሲቀዘቅዝ ወዲያው ይቀየር፤ የቀዘቀዘ ውኃ መልሶ ሙቀቱን ይስበዋልና።

የአውቶክሌቩን ጌጅ ማመን

ይህ ስህተት ዝም ብሎ የሚኖር ነው፤ የሚያስተውለው የለም። ብዙ ቦታ ያለው አውቶክሌቭ፣ ማለትም መሣሪያዎችን በእንፋሎት የሚያመክነው ዕቃ፣ ምድጃ ላይ የሚጣድ፣ ክዳኑ ላይ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ያለው ነው። መመሪያው «15 ፒኤስአይ፣ 121 ዲግሪ» ይላል። ጌጁ የሚለካው ግን ውስጡ ከውጪው አየር ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። የእኛ የውጪ አየር ቀላል ስለሆነ ጌጁ 15 ሲያሳይ ውስጡ ያለው እንፋሎት 116 ዲግሪ አካባቢ ነው። 121 ለመድረስ ጌጁ ወደ 19 ገደማ መውጣት አለበት። ዕቃው ያን ያህል ግፊት እንዲችል ተሠርቶ ከሆነ አውጡት፤ ካልሆነ አታስጨንቁት፣ ጊዜውን አርዝሙ። በሁለቱም መንገድ ከመሣሪያዎቹ ጋር ቀለሙን የሚቀይር ጠቋሚ ወረቀት ጥቅሉ መሀል ይግባ። መጀመሪያ ላይ ውስጥ ያለውን አየር አስወጥታችሁ ቫልቩን ዝጉ፤ አየር ካለበት ጌጁም ይዋሻል።

መቀቀል ደግሞ የትም ቦታ ማምከን አይደለም፤ እዚህ ውኃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ደግሞ ከሌላውም ያነሰ ነው። በአልኮል መዘፍዘፍም እንደዚያው፤ ሙቀትና መድኃኒት የሚቋቋመውን የባክቴሪያ ዘር (ስፖር) አይገድልም። «አይጠ መጎጥ አይመረቅዝም» የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። ይመረቅዛል፤ ፊቱ ላይ ስለማያሳይ ብቻ የጥናቱን ውጤት ውስጥ ውስጡን ያበላሻል።

ሥጋን መጨበጥና ማነቅ

ሆድ ሲከፈት የሚታየውን ልንገራችሁ። ቆዳው ከተቆረጠ በኋላ በሁለቱ ጡንቻዎች መሀል ነጭ መስመር አለ። በጥርሳሙ ፎርሴፕስ መስመሩን ያዙና ወደ ላይ አንሡት፤ ድንኳን ሲሆን አንጀቱ ወደ ታች ይሸሻል። በመቀሱ ጫፍ ትንሽ ቀዳዳ ክፈቱ፤ አየር ሲገባ ይታያችኋል። ከዚያ ደንዳናውን የመቀስ ጫፍ አስገብታችሁ፣ ጫፉ ምንጊዜም ወደ ላይ እያየ፣ መስመሩን ተከትላችሁ ቁረጡ። ከመስመሩ የወጣ ሰው ጡንቻ ይቆርጣል፣ ይደማል። ጥርሳሙን ፎርሴፕስ አንጀት አታስነኩት፤ ለእሱ ጥርስ የሌለው አለ። በበጋ የአገራችን አየር ደረቅ ስለሆነ የወጣ አንጀት በሞቀ ሳላይን በራሰ ጎዝ (የቁስል ጨርቅ) ይሸፈን፣ ጎዙም ቶሎ ቶሎ ይራስ።

ስፌት ላይ ጠንክሮ መጎተት የጥንካሬ ምልክት ይመስላል። ክሩ ጠርዞቹን ማገናኘት እንጂ ማነቅ የለበትም፤ ቁስሉ ነገ ያብጣል፣ ዛሬ የጠበቀው ክር ነገ ሥጋውን ይገድላል። ቋጠሮውን አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ አቅጣጫ እያዞራችሁ እሰሩ፤ ሁለቴ በአንድ አቅጣጫ የታሰረ ይሾልካል። ጡንቻና ቆዳ ለየብቻ ይሰፋሉ። ለአይጠ መጎጥ ጡንቻ ውፍረቱ 4-0 የሆነ የሚሟሟ ክር ይበቃል። በቆዳ ላይ ሐር ክር አትጠቀሙ፤ የተገመደ ስለሆነ እርጥበትና ጀርም ወደ ውስጥ ይስባል። አይጠ መጎጥ ደግሞ ያየውን ክር ስለሚያኝክ ከቆዳው ውስጠኛ ክፍል የሚደበቅ ስፌት መማር ዋጋ አለው።

ደሙን በዓይን መገመት

250 ግራም የሚመዝን አይጠ መጎጥ በጠቅላላው ያለው ደም 16 ሚሊሊትር ገደማ ነው። በጎዝ ላይ ጥቂት የሚመስለው 3 ሚሊሊትር ከደሙ አምስተኛው ሊጠጋ ነው። ጎዙን ከመጠቀማችሁ በፊትና በኋላ መዝኑ፤ 1 ግራም ልዩነት 1 ሚሊሊትር ያህል ደም ነው።

ሕመሙን አለማመን

አይጥ አይጮህም። የሚታደን እንስሳ ስለሆነ ሕመሙን ይደብቃል። ዓይኑን ካጠበበ፣ ጀርባውን ካጎበጠ፣ ፀጉሩ ካልተላሰ፣ እያመመው ነው። በአይጠ መጎጥ ዓይንና አፍንጫ ዙሪያ ቀይ ነገር ሲታይ ሰልጣኞች ደም ነው ብለው ይደነግጣሉ። ደም ሳይሆን ከዓይኑ ጀርባ ካለ ዕጢ የሚወጣ ቀይ ፈሳሽ ነው፤ ሲጨነቅ ወይም ሲታመም ይበዛል፣ ደህና ሲሆን ራሱ ልሶ ያጸዳዋል። ማስታገሻው ከመቁረጡ በፊት ይሰጥ፤ ሜሎክሲካም ለአይጠ መጎጥ በኪሎ ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ከቆዳ ሥር። የቀጠነ ሊዶካይን (ቦታውን ብቻ የሚያደነዝዝ መድኃኒት) በመቁረጫው መስመር ላይ ሲጨመር ደግሞ የሚያስፈልገው ማደንዘዣም ይቀንሳል። «ማስታገሻው ውጤቱን ያዛባብኛል» የሚል ተመራማሪ ይህን ለሥነ ምግባር ኮሚቴው አስቀድሞ አስረድቶ ካልተፈቀደለት በስተቀር ምክንያቱ አይቆምም።

ስፌቱ ሲያልቅ መሄድ

ያልነቃ እንስሳ ከነቁ ጓደኞቹ ጋር አይቀላቀል፤ ይነክሱታል። ሰጋቱራ ላይም አይተኛ፤ አፍንጫውና አፉ ውስጥ ይገባል። ፎጣ ላይ፣ ሙቀት አጠገብ፣ በየ10 ደቂቃው ገልበጥ እየተደረገ፣ ራሱ በደረቱ እስኪተኛ አንድ ሰው ይቀመጥለት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቀዶ ጥገና አታድርጉ፤ ቅዳሜና እሑድ የሚያየው ከሌለ የተከፈተ ስፌት ሰኞ ነው የሚገኘው። ኬጁ ላይ የተሠራው ሥራ፣ ሰዓቱ፣ የተሰጠው መድኃኒት፣ ቀጣዩ ማስታገሻ መቼ እንደሆነና የሚደወልበት ስልክ ይጻፍ። በየቀኑ ጠዋት ይመዘን፤ ከመነሻ ክብደቱ 10 በመቶ ከቀነሰ የእንስሳት ሐኪሙ በዚያው ቀን ይየው። ስፌቱ ደህና ከሆነ የቆዳው ክር ከ10 እስከ 14 ባለው ቀን ይወጣል፤ የሚያወጣውም የሰፋው ሰልጣኝ ራሱ ቢሆን የሠራውን ያያል።