«የፈቀድኩበትን ወረቀት አሳዩኝ»፦ ባንክ የኦቨርድራፍት ክፍያ ሲቆርጥባችሁ

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው፤ ደሞዜ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ይገባል። አንድ ዓርብ ጠዋት የባንኩን አፕ ስከፍት 105 ዶላር ተቆርጧል። ለካስ ሐሙስ ዕለት አካውንቴ ባዶ ኖሯል። እኔ ሳላውቅ በዴቢት ካርዴ ቡና ገዛሁ፣ ነዳጅ ቀዳሁ፣ የመብራቱ ኦቶፔይም (በየወሩ ከአካውንቴ በራሱ የሚወጣው ክፍያ) በዚያው ቀን ወጣ። በእያንዳንዱ 35 ዶላር፤ አካውንት ውስጥ ከሌለ ገንዘብ ሲወጣ ባንኩ የሚቆርጠው ይህ ክፍያ ነው ኦቨርድራፍት የሚባለው። የ5 ዶላር ቡና 40 ዶላር ሆነብኝ።

ወዲያው ደወልኩና ለመንኩ። «አላወቅኩም ነበር፣ እባካችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኩ። ልጅቷ በትሕትና «ፖሊሲያችን ነው» አለችኝ። አመስግኜ ዘጋሁት። ማታ ለሥራ ባልደረባዬ ነገርኳት፤ ታላቅ እህቴ ነው የምላት። «ለመሆኑ ፈቅደሽላቸዋል?» አለችኝ። ነገሩ ሁሉ እዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሬጉሌሽን ኢ የሚባል የፌዴራል ደንብ አለ። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ደንብ መሠረት፣ ከኤቲኤም ላወጣችሁት ወይም በዴቢት ካርድ አንድ ጊዜ ለከፈላችሁት ነገር ባንኩ የኦቨርድራፍት ክፍያ መቁረጥ የሚችለው አስቀድማችሁ ከፈቀዳችሁ ብቻ ነው። ዝም ማለት መፍቀድ አይደለም። ከፈቀዳችሁም ባንኩ በጽሑፍ ማረጋገጫ ሊሰጣችሁ ይገባል። ፈቃዱን በፈለጋችሁ ጊዜ ማንሳት እንደምትችሉም እዚያው ላይ መጻፍ አለበት። ቼክና እንደ መብራት ያለ በየወሩ የሚወጣ ክፍያ ግን በዚህ ሕግ አይሸፈንም። ስለዚህ ከሦስቱ የእኔ መብት ሁለቱ ላይ ነበር፤ ቡናውና ነዳጁ።

መጀመሪያ ስቴትመንቱን፣ ማለትም ባንኩ የሚልክላችሁን የአካውንት ዝርዝር፣ አውጡ። ክፍያ ክፍያውን አስምሩበት፣ አጠገቡም በምን ምክንያት እንደመጣ ጻፉ፤ ካርድ፣ ኤቲኤም፣ ቼክ ወይስ ኦቶፔይ። ይህን ሳትለዩ «ሁሉንም መልሱልኝ» ብትሉ በአንድ ቃል ይመልሷችኋል።

ከዚያ በደብዳቤ ጠይቁ። ስልክ ይረሳል። የእኔ ደብዳቤ አንድ ገጽ አልሞላም። የሁለቱን ግዢዎች ቀንና መጠን ጻፍኩ። ቀጥዬ «ለእነዚህ ክፍያ እንድትቆርጡ የፈቀድኩበትን መዝገብና የላካችሁልኝን ማረጋገጫ አሳዩኝ፤ ከሌለ 70 ዶላሬን መልሱ» አልኩ። መልስ የምጠብቅበትን ቀንም አስቀመጥኩ። ፖስታ ቤት ሄጄ ፊርማ ተቀብሎ በሚመለስ ሰርቲፋይድ ሜይል ላክሁት፤ ቅጂውን ቤት አስቀረሁ። እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ ከሆነ ልጅ ወይም ጎረቤት ይጻፍላችሁ፤ ፊርማው ግን የእናንተ ይሁን። ስትደውሉም አስተርጓሚ ጠይቁ፤ አትፈሩ። ያነጋገራችሁትን ሰው ስምና ሰዓቱን መዝግቡ።

«ፈቅደሻል» ካሏችሁ ወረቀቱን ይላኩ። አካውንት ስንከፍት ሠራተኛው ስክሪኑ ላይ ሲነካካ «ኦኬ፣ ኦኬ» የምንል ብዙ ነን። ፈቅዳችሁም ከተገኛችሁ የዛኑ ቀን ፈቃዱን አንሱ። ካርዱ ገንዘብ ከሌለ እምቢ ይላል፣ 35 ዶላር ግን አይቆረጥም።

ሁለተኛ መንገድ አለ። ባንኩ ካልመለሰ ወደ ተቆጣጣሪው ነው። በባንኩ ስም ላይ «ናሽናል» የሚል ቃል ወይም መጨረሻው ላይ «ኤን ኤ» (N.A.) ካለ ተቆጣጣሪው ኦሲሲ (OCC) የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። የፌዴራል ክሬዲት ዩኒየን (የአባላቱ የሆነ የቁጠባና የብድር ማኅበር) ከሆነ ኤንሲዩኤ (NCUA) የሚባለው ነው። አቤቱታ ለማቅረብ አይከፈልም። ገንዘብ አስመልሳለሁ ብሎ ድርሻ የሚጠይቃችሁን ሰው አትስሙ።

አካውንታችሁ የጎደለው እናንተ ባላደረጋችሁት የካርድ ክፍያ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ቸኩሉ። ስቴትመንቱ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ለባንኩ አሳውቁ። ባንኩ በ10 የሥራ ቀን አጣርቶ መመለስ አለበት። ከዚያ በላይ ጊዜ ከፈለገ በአብዛኛው ገንዘቡን በጊዜያዊነት አካውንታችሁ ውስጥ ማስገባት አለበት። በስልክ ከነገራችሁት በጽሑፍም ሊጠይቃችሁ ስለሚችል ያኔውኑ ጻፉ።

የእኔ መልስ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። የፈቀድኩበት መዝገብ አልተገኘም፤ 70 ዶላሩ ተመለሰ። ለመብራቱ የተቆረጠውን 35 ዶላር በትሕትና ጠየቅኩ፣ አልመለሱልኝም። መብራት ኃይሉን ደውዬ ኦቶፔዩን ደሞዜ ከሚገባበት ዓርብ ቀጥሎ ወዳለው ሰኞ አስዛወርኩት።