ኮምፒውተር የራሱን ስም ሲያጣ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፍኖተ ሰላም ወይም ደብረ ማርቆስ ላይ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር አብሮ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ኬብሉን ከመነካካትዎ በፊት ስሙን ይፈትሹ። «ሱዱ» (ትእዛዝን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስፈጽመው) ብለው ትእዛዝ ሲሰጡ የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ 10 ሰከንድ ያህል ዝም ካለ፣ ማሽኑ የገዛ ስሙን አድራሻ ከዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ፣ ማለትም ወደ ኔትወርክ አድራሻ ቁጥር ከሚተረጉመው አገልግሎት) እየጠየቀ ሊሆን ይችላል። በተለመደው ቅንብር መልስ የማይሰጥ ሰርቨር 5 ሰከንድ ይጠበቃል፤ ሙከራው ደግሞ 2 ጊዜ ነው።

ስሙን አንድ ቦታ ብቻ መቀየር

የሚበዛው ስህተት ይህ ነው። «ሆስትኔምሲቲኤል» የሚለው ትእዛዝ ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ያለውን «ሆስትኔም» ፋይል ይቀይራል፤ እዚያው አጠገቡ ያለው «ሆስትስ» (ስሞችን ከአይፒ ጋር የሚያዛምደው ፋይል) ግን አሮጌውን ስም እንደያዘ ይቀራል። የትምህርት ቤት ላብራቶሪ ውስጥ አንድ ማሽን ተዘጋጅቶ ዲስኩ ለ20 ማሽን ሲገለበጥ ችግሩም አብሮ 20 ጊዜ ይገለበጣል።

መጀመሪያ ሆስትስን በናኖ (የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም) ይክፈቱ። 127.0.1.1 በሚለው መስመር ላይ አዲሱን ስም ከአሮጌው ጎን ጽፈው ያስቀምጡ። ከዚያ ስሙን ይቀይሩ፤ አሮጌውን በመጨረሻ ያጥፉ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጡት ሱዱ ስሙን መፍታት አቃተኝ እያለ በየትእዛዙ ያስጠነቅቃል።

የ127.0.0.1ን መስመር መንካት

ይህ መስመር የ«ሎካልሆስት» (ማንኛውም ማሽን ራሱን የሚጠራበት ስም) ነው፤ እንዳለ ይተውት። ዴቢያንና ኡቡንቱ ለማሽኑ ስም 127.0.1.1ን ለይተው ያስቀመጡት ሁለቱ እንዳይደባለቁ ነው።

ዛሬ የተሰጠውን አይፒ መጻፍ

ራውተሩ በዲኤችሲፒ (አድራሻን በራሱ በሚያድለው ዘዴ) የሰጠው 192.168.1.23 ነገ የሌላ ማሽን ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ስሙ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ይመራል። አድራሻው ቋሚ የሆነ ሰርቨር ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ እዚያ እውነተኛውን አይፒ ይጻፉ። በራሱ ስም አድራሻ ላይ የሚያዳምጥ ፕሮግራም 127.0.1.1ን ካገኘ ከዚያው ማሽን ውጭ ማንም አይደርሰውም።

አጭሩን ስም ማስቀደም

ማሽኑ ሙሉ የዶሜን ስም (ዶሜኑን ጨምሮ የሚጻፍ ረጅም ስም) ካለው ከአይፒው ቀጥሎ የሚመጣው ሙሉው ነው፤ አጭሩ ይከተላል። ከተገለበጠ «ሆስትኔም» ከ«ኤፍ» አማራጭ ጋር ሲጠየቅ አጭሩን ብቻ ይመልሳል፤ የኢሜይል ሰርቨርም በዚህ ይደናገራል።

ስሙ ውስጥ የማይፈቀድ ምልክት

በላቲን ፊደል፣ በቁጥርና በሰረዝ ብቻ ይጻፉ፤ ሰረዙ መጀመሪያም መጨረሻም ላይ አይግባ። «ደብረ ማርቆስ» ብሎ ለመሰየም በሁለቱ ቃላት መካከል ክፍት ቦታ ሳይሆን ሰረዝ ይግባ፤ የታች ሰረዝም አይሆንም። ርዝመቱ ከ63 ፊደል አይለፍ። መጨረሻው ላይ «ነጥብ ሎካል» አይጨምሩ፤ እሱ ለኤምዲኤንኤስ (በአንድ ኔትወርክ ላይ ያሉ ማሽኖች ያለ ሰርቨር በስም ለሚፈላለጉበት ዘዴ) የተያዘ ነው።

በተሳሳተ መሣሪያ መፈተሽ

«ዲግ» እና «ኤንኤስሉክአፕ» የተባሉት የስም መፈለጊያ ትእዛዞች በቀጥታ ዲኤንኤስን ስለሚጠይቁ ሆስትስን አያዩትም። ፋይሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ስሙ የለም ሲሉ ብዙ ሰው ደህናውን መስመር ያበላሻል። «ጌትኤንት ሆስትስ» ብለው ስሙን ያስከትሉ፤ ፕሮግራሞች የሚሄዱበትን መንገድ የሚከተለው እሱ ነው። አሁንም ካልመለሰ ስም በምን ቅደም ተከተል እንደሚፈለግ የሚወስነውን «ኤንኤስኤስዊች» የሚባል የቅንብር ፋይል ይክፈቱ፤ «ሆስትስ» በሚለው መስመር ላይ «ፋይልስ» ከ«ዲኤንኤስ» መቅደም አለበት። ከዚያ የኔትወርክ ኬብሉን ነቅለው ሱዱን እንደገና ይሞክሩ፤ ወዲያው መልስ መስጠት አለበት።